ምክር መስሎ የወረስነው ሐዘን

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሻንጣዬን ሸክፌ ከቤት የወጣሁ ቀን እናቴ በር ላይ አቁማ መረቀችኝ። ምርቃቱን ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ትምህርትህን ብቻ ተማር። ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ!» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ወደ ሳሎናችን ግድግዳ ዞሮ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ ጸጉሩን አፍሮ ያበጠረ፣ ኮሌታው ሰፊ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል። ታናሽ ወንድሟ ነው። ስለ እሱ ልጅ ሆኜ የተነገረኝ «ታሞ ሞተ» የሚል ብቻ ነበር። ምን እንዳመመው የነገረኝ የለም፤ መጠየቅ እንደሌለብኝም ከአዋቂዎቹ ፊት ተረድቼ ነበር።

እውነቱን የሰማሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ በአንድ ዘመድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት አክስት አፍ ነው። አጎቴን በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሌሊት ከቤት ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሬሳው መንገድ ዳር ተገኘ። አያቴ ደረቷን እንዳትደቃ፣ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድንኳን እንዳትጥል ተነገራት። ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አልነበረም። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የገደለውን ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁ ቤተሰቦች ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። አያቴ በማግስቱ ዘምቢሏን ይዛ ገበያ ወጣች። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ሲላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ አለፈች።

የእናቴ ምክር የተወለደው እዚያ ገበያ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ እናቴን ለመውቀስ አይደለም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እሷ ያየችው እባብ እውነተኛ ነበር፤ ወንድሟንም ነድፎ ገድሏል። አባባሉን ግን ልሞግተው ተነስቻለሁ። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ጥበብ አይደለም። ያልተለቀሰ ሐዘን ነው። እንባ ሆኖ እንዳይወጣ ስለተከለከለ ምክር ሆኖ ወጣ። እኛም የአባቶች ጥበብ መስሎን ወረስነው፤ አሁን ደግሞ ለልጆቻችን እያወረስነው ነው።

ሁለት ትውልድ፣ አንድ እምነት

ይህ እምነት ዛሬ በሁለት ቋንቋ ይነገራል። የትልልቆቹ ቋንቋ ረጅም ነው፤ በትዝታና በቁጭት ይጀምርና «ያ ትውልድ» ወደሚለው ክስ ይደርሳል። «ንጉሡን አውርደው ምን አተረፉ? በባዶ ተስፋ ተነድተው አለቁ እንጂ!» ይላል። የወጣቶቹ ቋንቋ አጭር ነው፦ «ሁሉም ያው ነው።» በዚህ ቋንቋ ማንንም የማያምን ሰው ነቄ ነው፤ ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ደግሞ ፋራ። ሃያ ዓመት የሞላውን የእህቴን ልጅ ስለ ምርጫ አንስቼበት፣ «ጋሼ፣ እኔ ፖለቲካ አልከታተልም። ዲቪዬን ሞልቻለሁ» አለኝ። ሲናገር ምሬት አልነበረበትም። የተዘጋ ጉዳይ እንደሚያስረዳ ሰው ተረጋግቶ ነው የተናገረው፤ ይበልጥ ያሳዘነኝም መረጋጋቱ ነው።

አባት ልጁን «ዓላማ የሌለው ትውልድ» ብሎ ይንቃል። ልጅ አባቱን «አገሪቱን እንዲህ አድርጋችሁ አስረከባችሁን» ብሎ ይወቅሳል። ሲያዩዋቸው የተጣሉ ይመስላሉ። በትልቁ ነገር ላይ ግን ተስማምተዋል፦ ስለ አገር ተስፋ ማድረግ ሞኝነት ነው፤ ያደረጉትም ዋጋቸውን አገኙ። የእኔ ጠብ ከሽማግሌው ጋርም ከወጣቱም ጋር አይደለም፤ ከዚህ ስምምነታቸው ጋር ነው።

የገደለን ተስፋ አይደለም

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ፣ በደቡብ ያለ ጭሰኛ ካመረተው ላይ ሲሶውን፣ በአንዳንድ ቦታ እኩሌታውን ጭምር ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ባለመሬቱ ሲከፋው ከነቤተሰቡ ያስነሳዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ይህን ጥያቄ ማንሳት በጊዜው የልጆች ቅዠት ነበር። በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም በሕግ ቀረ። አዋጁ መሬትን የመንግሥት በማድረጉ ያመጣው ጣጣ ዛሬም ያከራክረናል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሆኖም ዛሬ በኢትዮጵያ የባላባት ጭሰኛ ሆኖ የሚወለድ ልጅ የለም። ይህን ለልጅ ልጆቹ ያተረፈላቸው «ሁሉም ያው ነው» ያለው ሰው አይደለም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጡ። ሰልፈኛው እስከ 100,000 ይገመታል፤ ከመካከላቸውም ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። ዛሬ በዒድ ቀን መሥሪያ ቤት ሲዘጋ፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ፣ ይህ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። አደባባይ ወጥተው የጠየቁ ሰዎች ያመጡት ነው። የተገኘ ነገር ሁሉ ዕጣው እንዲህ ነው፤ በእጃችን ከገባ በኋላ የታገሉለትን እንረሳለን፤ ከዚያም ትግል ምንም አላመጣም እንላለን።

ታዲያ ያንን ትውልድ ምን ጨረሰው? ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ፓርቲዎች የበቀሉት ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ ነው። ያነበቡት መጽሐፍ ተመሳሳይ፣ የዘመሩት መዝሙር ተመሳሳይ፣ ያነሱት የመሬትና የእኩልነት ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር። ያለያያቸው ንጉሡን ካወረደው ወታደራዊ ደርግ ጋር ለጊዜው መሥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። በዚህ ልዩነት ወንድም በወንድሙ ላይ ጨከነ። ደርግም መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን በላ። ከዚህ የምማረው ተስፋ ማድረግ ገዳይ መሆኑን አይደለም። የእኔ ተስፋ ብቻ ነው ተስፋ፣ የአንተ ግን ክህደት ነው ማለት ገዳይ መሆኑን ነው። ይህ በሽታ ዛሬም አለ፤ «ፖለቲካ አልወድም» በሚለውም ሰው ውስጥ አለ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። «ተስፋ አድርጎ ተቀሰፈ» ስንል ገዳዩን ከወንጀሉ ነፃ እያወጣነው ነው። አጎቴን የገደለው ተስፋው አይደለም። ጠመንጃ የያዘ መንግሥት፣ በሌሊት በር ያንኳኳ ሰው ነው የገደለው። ለሟች ለቅሶ የከለከለ ሥርዓት ጥፋቱን በሟች ላይ ሲያላክክ አይገርምም። እኛ የሟች ቤተሰቦች ግን ያንኑ ክስ ለምን እንደግምለታለን?

ግንቦት 1 እና ግንቦት 7

የእኔ ትውልድ በመካከል ያለ ነው። ተስፋውን የቀበረበት ቀንም አለው። በ1997 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሚያዝያ 30 ቀን ለተቃዋሚው ሰልፍ መስቀል አደባባይን ከሞላው ሕዝብ መካከል ነበርኩ፤ በዚያ ቀን የማላውቃቸው ሰዎች እንደ ወንድም አቅፈውኛል። ግንቦት 7 ድምፅ ሰጠን። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ተቃዋሚው አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። በሰኔና በጥቅምት ተኩስ ተከፈተ፤ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን የቆጠራቸው የተገደሉ ሲቪሎች 193 ናቸው። የተቃዋሚው መሪዎች ታሰሩ። እናቴ ስልክ ደውላ አንድም ቃል ሳትናገር አለቀሰች። «ነግሬህ አልነበር?» አላለችኝም፤ ማለት አላስፈለጋትም። እኔም ብዙ ዓመት ዝም አልኩ።

ለዚያ ዝምታዬ አሁን የምሰጠው መልስ አንድ ሌላ ቀን ነው። ከምርጫው ስድስት ቀን በፊት፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ማንም አልተሰለፈለትም፤ እኔም አላስተዋልኩትም። ከዚያ ቀን በፊት ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍትለት ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ።

ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በዚያው ጊዜ ገደማ በነ መዓዛ አሸናፊ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘ። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ማኅበሩ ያችን አንዲት ልጅ አስፈትቶ አላበቃም፤ ሕጉን ራሱን ተያያዘው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ዕድሜው 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም እኩል ሆኑ። አምስት ዓመት ቆይቶ የወንጀል ሕጉ ተከተለ። ማኅበሩ በመካከሉ አንድ ጊዜ ታግዷል፤ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ አቅሙ ተሰብሯል። ጠለፋም ከገጠራችን ጨርሶ አልጠፋም። ሆኖም ዛሬ አንድ ጠላፊ ዳኛ ፊት ቆሞ «አግብቻታለሁ» ቢል ሕጉ አይሰማውም።

እነዚያ ሴቶች መንግሥት እስኪለወጥ አልጠበቁም። መሪ እስኪወለድላቸውም አልጠበቁም። አንድ አንቀጽ ያዙ፤ አንቀጹ እስኪወድቅ አልለቀቁትም። እኛ ግን የአገር ዕጣ በአንድ እሑድ የሚወሰን መስሎን ግንቦት 7ን ጠበቅን። ቀኑ ሲከዳን ተስፋም አብሮ የሞተ መሰለን። በዚያው ሳምንት ውስጥ ሁለት ተስፋ ነበር፤ አንዱ ተገደለ፤ አንዱ ደግሞ ከአሥር ዓመት ገደማ ሥራ በኋላ ፍሬ ሰጠ። ትውልዴ የመጀመሪያውን ብቻ ያስታውሳል።

ማድረግ፣ መጣል፣ መቁረጥ

እስከ አሁን ያልኩትን ሁሉ የሚያፈርስ የሚመስል አንድ መልስ አለ፤ እሱም 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት እስረኞች ተፈቱ፤ ማዕከላዊ እስር ቤት ተዘጋ፤ ከኤርትራ ጋር ለሃያ ዓመት የተዘጋው መንገድ ተከፈተ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተቃቅፈው የሚያለቅሱ ቤተሰቦችን በቴሌቪዥን እያየን አብረን አለቀስን። ሰኔ 16 ቀን የአንድ ሰው፣ የአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ፎቶ የታተመበት ከነቴራ ለብሰን መስቀል አደባባይን ሞላነው። ከዚያች ቀን እስከ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተቆጠረው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋርም ተሻገረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም የሞተው ሰው ተቆጥሮ የሚያልቅ አልነበረም። በኦሮሚያ ተኩሱ ሳይቆም በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሳ። «ተስፋ አድርጉ ትለናለህ? አደረግን እኮ!» የሚለኝን ወጣት በቀላል ቃል ልመልሰው አልችልም፤ አልሞክርምም።

ነገር ግን ያደረግነው በእርግጥ ተስፋ ነበር? አማርኛ ለተስፋ ካሉት ግሶች ሦስቱን ልንሰማቸው ይገባል። ተስፋ እናደርጋለን። ተስፋ እንጥላለን። ተስፋ እንቆርጣለን።

ማድረግ ሥራ ነው። የሚያደርገው ሰው አለ፤ የሚደረግ ነገርም አለ። መጣል ግን ሌላ ነው። «ተስፋዬን በእሱ ላይ ጣልኩ» ስንል ከእጃችን ወጥቶ ሌላው እጅ ገብቷል ማለታችን ነው። የጣሉትን ዕቃ ያነሳው ሰው እንዳሻው ያደርገዋል፤ «መልስ» ለማለትም የሚያስችል ደረሰኝ የለም። በ2010 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ሚሊዮኖች ሆነን ተስፋችንን ጣልን። ይህን ቃል በየትኛው ሕግ አስረህ ታቆይልናለህ? አንተን የሚቆጣጠር ማን ነው? ብለን አልጠየቅንም። የጠየቀውንም «ለውጡን አታደናቅፍ» ብለን ዝም አሰኘነው። ይህን የምለው በሌሎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም ከነቴራውን ለብሻለሁ። ስለዚህ ከ2010 የምንማረው ተስፋ አናድርግ የሚል መሆን የለበትም፤ ተስፋችንን አንጣል የሚል ነው።

ሦስተኛው ግስ መቁረጥ ነው። «ተስፋ አስቆረጠኝ» እንላለን። ቃሉን ልብ ብለን ብንሰማው አንድ እውነት ያዘለ ነው። የሚያስቆርጠኝ ሌላ ሰው ነው፤ መቀሱን የያዘው ግን የእኔው እጅ ነው። ገዢ ሊያስረኝ ይችላል፤ ሊያስርበኝ ይችላል፤ ልጄን ሊገድልብኝ ይችላል። ተስፋዬን ግን ራሱ ሊቆርጠው አይችልም፤ እንድቆርጠው እኔን ይፈልጋል።

ነቄነት ማንን ይጠቅማል?

ለዚህ ነው ነቄነትን እንደ ብልጠት መቀበል የማልችለው። ጨቋኝ መንግሥት እንድትወደው አያስፈልገውም፤ ንግግሩን እንድታምነውም አያስፈልገውም። ማንንም ካላመንክ ይበቃዋል። ጎረቤትህን ካላመንክ ከጎረቤትህ ጋር ጥያቄ አታነሳም። ጋዜጠኛውን ካላመንክ ሲታሰር አይቆጭህም። ሁሉም ሌባ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ሌባ አይጠየቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚኖረው በሰራቂው ስስት ብቻ አይደለም፤ በእኛም «ያው ነው» ማለት ይኖራል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 547ቱንም ወሰዱ። ከውጭ ላየው የጸጥታ አገር ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ግን በወራት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በክረምቱ ጎንደርና ባሕር ዳር ቀጠሉ። የወጡት ልጆች «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ጥያቄ በትንሽ በትንሹ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ ስለነበር በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ዝምታው ሕይወት አላተረፈም፤ ሞቱን አጠራቅሞ አመጣው እንጂ።

ከፖለቲካ የራቅን መስሎን ያልራቅንበት ሌላም መንገድ አለ። በየስልካችን ላይ ቀን ከሌት የምናደርገው ምንድን ነው? የቀበሌ ስብሰባ የማይገባ፣ የማኅበር አባል ያልሆነ፣ የወረዳውን አስተዳዳሪ ስም የማያውቅ ሰው በማያውቀው ብሔር ላይ ስድብ ይለጥፋል፤ ጦርነት ሲጀመር ያጨበጭባል። በባሕር ማዶ ያለው ደግሞ ሌላው በሚሞትበት ትግል እሳት ያቀብላል። እንግዲህ «በሩቁ» ማለት ይህ ነው፤ ምክሩን ቃል በቃል ፈጽመነዋል። ፊቱን የማናየውን ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ የማንከፍለውን ዋጋ ማዘዝም ቀላል ነው። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ አንድ የውሃ ቦኖ ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ግን ጎረቤቱን እንዲህ በቀላሉ ለሞት አይሰጥም። የጎዳን ፖለቲካን መቅረባችን ሳይሆን በሩቁ መያዛችን ነው።

ወጣቶቹም ቢሆኑ ተስፋ ቆርጠዋል ብዬ አላምንም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ባሕር አይሻገርም። ለማያውቀው ደላላ የቤተሰቡን ጥሪት ሰጥቶ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ፣ ከኦቦክ ዳርቻ ጀልባ ላይ ወጥቶ ወደ የመን የሚሻገር ልጅ ልቡ በተስፋ የተሞላ ነው። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት ጎንበስ ብላ ለታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልክ እህት ተስፋ ማድረግን ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች። የእህቴ ልጅም ቢሆን በየዓመቱ ዲቪ ይሞላል፤ ዕድሉ ጠባብ መሆኑን እያወቀ ይሞላል። ይህ ትውልድ የጎደለው ተስፋ ሳይሆን ተስፋውን እዚህ የሚያደርግበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ ያልሠራንለት እኛ ነን። ለመሄድ የወሰነውንም አልወቅስም፤ የምወቅሰው ምርጫው ያ ብቻ እንዲሆን ያደረግነውን እኛን ነው።

ምጣዱ

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በኮረንቲ ምጣድ ነው። ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ትጋግርበታለች። ኮረንቲ በሩቁ ብላ ቢሆን ኖሮ ቤታችን በእንጨት ጭስ ይታፈን ነበር። ኮረንቲን ያላመደችው በመሸሽ አይደለም፤ ሽቦውን በማስሸፈን፣ ፊውዝ በማስገጠም፣ የሚያውቅ ሰው ጠርታ በማሠራት ነው። ሰው የሚገድለው የተላጠ ሽቦ ነው፤ ሽቦ ተልጦ የሚቀረውም የሚነካው ሰው ሲጠፋ ነው።

ፖለቲካም ብንሸሸውም ቤታችን ገብቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል «እኔ ፖለቲካ አልከታተልም» ላለ ሰው ዘይት በድሮው ዋጋ አልተሸጠለትም። ሰፈር ሲፈርስ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅ ለጦርነት ሲመለመል «አልከታተልም» ማለት በር አይዘጋም።

እንዲያውም እናቴ ራሷ ፖለቲካ ታውቃለች። የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ሆና ዓመታት አገልግላለች። እድሩ ሰብሳቢውን ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹም ለየብቻ ያደርጋል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ በየዓመቱ ሒሳቡን በተመረጡ ሰዎች ያስመረምራል። አንድ ጊዜ ሒሳብ ያልገጠመላቸውን ሰብሳቢ እናቴና ባልንጀሮቿ በጉባኤ አስወርደዋቸዋል። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም አልተደበደበም። ሰብሳቢዋም እድርተኛ ሆነው ቀጠሉ፤ ኋላ ባለቤታቸው ሲሞቱ ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ሥልጣን በድምፅ መስጠት፣ በሒሳብ መቆጣጠር፣ በሰላም መንሳት፣ የተሻረውንም ሰው አለመጣል፦ በአራት ኪሎ ያላገኘነው ነገር ሁሉ በእናቴ እድር ውስጥ አለ። ይህ ሕዝብ አልችልም የሚለውን ነገር በየወሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል።

ስለዚህ ለወጣቱ የምለው «ውጣና ሙት» አይደለም። ያንን ከሩቅ ሆነው የሚሉ ሞልተዋል፤ አትስማቸው። የምልህ አንድ ነገር ያዝ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ሒሳብ ይሁን፣ የወረዳው በጀት ይሁን፣ የሠራተኛ ማኅበር ይሁን፣ አንድ የማይረባ አንቀጽ ይሁን። ቃለ ጉባኤ ያለበት፣ ስምህ የሰፈረበት፣ የሚጠየቅ ሰው ያለበት ነገር ይሁን። ከአንተ የተለየ ነገር ተስፋ ከሚያደርግ ሰው ጋር ተቀምጠህ ልትሠራው የምትችለው ይሁን። ይህም አደጋ የለበትም ብዬ አልዋሽህም፤ በአገራችን ትንሹም ጥያቄ ሊያሳስር ይችላል። ግን ብቻህን የምትሸሸው አደጋ ብቻህን ያገኝሃል፤ ከሰው ጋር ሆነህ የምትጋፈጠው ግን ምስክር አለው።

ለትልልቆቹ የምለው ደግሞ ንገሩን ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል፤ የሟቾቹን ፎቶና አፅም ይዟል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ግን ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። ፍርሃታችሁን ያለ ታሪኩ አወረሳችሁን፤ ታሪክ የሌለው ፍርሃት ደግሞ መጨረሻ የለውም። የአገራችን ለቅሶ ሥርዓት አለው። ሦስተኛው ቀን አለ፤ አርባ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ድንኳን የሚተከለው በኋላ ሊፈርስ ነው፤ ጥቁር የሚለበሰው በኋላ ሊወልቅ ነው። አያቴ ጥቁር እንዳትለብስ ስለከለከሏት የምታወልቅበት ቀን አጣች። እኛም እስከ ዛሬ የማይታይ ጥቁር ለብሰን «ነቄ ነን» እንላለን።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ተሰብስበን ሳለ የእህቴ ልጅ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየና እናቴን ጠየቃት። እኔ ያ ሁሉ ዓመት ልጠይቅ የፈለግኩት እንዴት እንደሞተ ነበር። እሱ ግን፣ «እማማ፣ ምን ፈልጎ ነበር?» አላት። ይህን ጥያቄ በቤታችን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ብዙ ዝም አለች። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ሲሄድ የሸኘችው እሷ እንደነበረች፣ የሰጠችው ጋቢም ሳይመለስ እንደቀረ ነገረችን። ከዚያም ከዘመቻው ስለላከው አንድ ደብዳቤ አወራች። ሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ሲጽፍ አየሁ፤ ጽፎም እጁን እያየ አለቀሰ፤ ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሁሉም ሰው ስሙን እንዲጽፍ ብቻ እፈልጋለሁ፤ ይላል ደብዳቤው። ቤት ለቤት በሚፈተሽበት ዘመን አያቴ ከምድጃ ጨምራ አቃጥላዋለች።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። «ገበሬው ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ስሙን አልረሳችውም።